ብቻቸውን ለመኖር ከአዲስ አበባ የሚወጡ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት መንደሮች መኖር ከጀመርኩ ወዲህ፣ ከዘመድ ጥያቄና ከይሉኝታ ተገላግለው በራሳቸው ፈቃድ ለመኖር የሚመጡ ብዙ ወጣቶችን ተቀብያለሁ፤ አብዛኞቹንም መልሼ ሸኝቻለሁ። ፍላጎታቸውን አከብራለሁ። «መቼ ነው የምታገባው?»፣ «እስከ መቼ በኪራይ ቤት?» ከሚሉ ድምፆች ርቆ የራስን ሐሳብ ማዳመጥ ለማንም ሰው የሚገባ ነገር ነው። ብቸኝነቱ ከብዷቸው የሚመለሱት ጥቂቶች መሆናቸው፣ ብዙዎቹንም የሚመልሷቸው በቀላሉ ሊቀሩ ይችሉ የነበሩ ስህተቶች መሆናቸው ግን ያሳዝነኛል።

የመጀመሪያው፣ ቤቱን በመስከረም ወይም በጥቅምት አይቶ መወሰን ነው። በዚያን ጊዜ ሜዳው አረንጓዴ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ስለሆነ የማይወድ የለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል፤ በሐምሌ ደግሞ የሱሉልታ ሜዳ ውኃ ይተኛበታል፣ መንገዱም ይጠፋል። የአፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ቤተ መንግሥት እንኳ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃው መውረድ የጀመረው፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር የተራራው ብርድና የማገዶ እጥረት ስላስቸገረው ነበር። ቤቱን በክረምት ሄደው ይዩት።

ከብርዱ ጋር የተያያዘ ሌላ ስህተት አለ፤ ይህኛው ነፍስ ያጠፋል። ከሰል አቀጣጥሎ፣ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ፣ ቀጥሎም የማይነቁበትን እንቅልፍ ያመጣል። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሎ፣ ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ በኋላ ማስገባት ብዙዎች እንደሚያምኑት ከአደጋው አያድንም፤ ጋዙ ጭስ ከሌለው ፍምም ይወጣልና። ቤተሰብ ባለበት ቤት አንዱ ነቅቶ በር ሊከፍት ይችላል፤ ብቻውን ለሚኖር ሰው ግን የሚከፍትለት የለም። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይግዙ፤ ምድጃውን ከመኝታ በፊት ደጅ ያውጡት።

ከገበሬ ላይ በእጅ ውል መሬት መግዛትም አይገባም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል፤ ስለዚህ ወረቀቱን የፈረሙት ምስክሮች ምንም ያህል የተከበሩ ቢሆኑ ገንዘብዎን አያስመልሱልዎትም። ቤት ይከራዩ።

ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨኝና ተናግሬ የማልጠግበው ስህተት፣ የመጡበትን ቦታ ሰው የሌለበት አድርጎ መቁጠር ነው። ባዶ የሚመስለው ሜዳ የአንድ ሰው ከብቶች ግጦሽ ነው፤ ጭር ያለው የባሕር ዛፍ ጥላ እናቶች ቅጠልና ጭራሮ የሚለቅሙበት ነው፤ ምንጩም ተራ አለው። አዲስ መጪው ግን «እኔ ሰው ሽሽት ነው የመጣሁት» ብሎ ለጎረቤት ሰላምታ ይነፍጋል፤ አካባቢው የሚናገረውን ኦሮምኛ፣ «አካም ጅርቱ» የምትለውን እንኳ፣ ለመልመድ አይሞክርም፤ እድር ግባ ሲባል ደግሞ እንደተደፈረ ይቆጥረዋል። አንድ አስተዋይ ወጣት አውቅ ነበር። የአከራዩ እናት ባረፉ ጊዜ ድንኳኑ ከበሩ ፊት ለፊት ተተክሎ ሳለ፣ ሰውን ትቼ መጥቻለሁ ብሎ ለቅሶ ሳይደርስ ቀረ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም አልነገረውም፤ ጅብ በየት በኩል እንደሚመላለስም፣ ምንጩን ከብት እንዳበላሸውም አልሰማም። ውኃውን ሳያፈላ ጠጥቶ ታመመ፣ አልጋ ላይም ዋለ። ወተት የምታደርስለት ልጅ ባዶው ጆግ ደጅ አለመውጣቱን አይታ ለአባቷ ነገረች፤ አባቷ ማለት ደግሞ ያ እናቱ የሞቱበት አከራይ ነው። አዝሎ ወደ ጤና ጣቢያ ያደረሰው እርሱ ነበር። ወጣቱ ከዳነ በኋላ የዚያን ሰው ዓይን ማየት አቅቶት ዕቃውን ጭኖ ወደ ከተማ ተመለሰ።

እድር የሚጠይቀው ወርኃዊ መዋጮና በለቅሶ ጊዜ መገኘት ነው። ባይገኙም ቅጣቱ የታወቀ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ሁሉ በርዎን ዘግተው ቢኖሩ ማንም አይከለክልዎትም። ከዚህ የቀለለ የነጻነት ዋጋ አላውቅም፤ እርሱንም አልከፍልም የሚል ሰው ሲገጥመኝ ትዕግሥቴ ያልቃል። የመነኮሳት አባት የሚባሉት አባ እንጦንስ እንኳ ወደ በረሃ ከመዝለቃቸው በፊት በአቅራቢያቸው ከነበሩ አረጋዊ መናኝ ተምረዋል፤ በፈረሰ ምሽግ ውስጥ 20 ዓመት ያህል ተዘግተው ሲኖሩም ዳቦ የሚያመጡላቸው ሰዎች ነበሩ። በእኛም ገዳማት አንድ መነኩሴ ወደ በአቱ የሚገባው በማኅበሩ መካከል እየታዘዘ ከቆየ በኋላ ነው። ይህን ሥርዓት ሳያልፉ በአንድ ጊዜ ባሕታዊ ልሁን የሚሉ ልጆች እጅግ ያሳስቡኛል።

ስልክ ጥሎ መውጣት ከንቱ ነው፤ ማታ ያጥፉት፣ ጠዋት ይክፈቱት።

የመጨረሻው፣ ለቤተሰብ ሳይናገሩ መጥፋት ነው። ምክንያትዎን የማስረዳት ግዴታ የለብዎትም። ነገር ግን ልጇ የት እንዳደረ የማታውቅ እናት ዕድር ቤቱንና ፖሊስ ጣቢያውን ስታዳርስ፣ ወንድሞችዎም ፎቶዎን ይዘው መንደር ለመንደር ሲጠይቁ፣ የፈለጉት ጸጥታ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይፈርሳል። ከመውጣትዎ በፊት የመንደሩን ስምና የአከራዩን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈው ይስጧት፤ በምን ቀን እንደሚደውሉም ይንገሯት፤ በዚያም ቀን ይደውሉ።