የ1066ቱን የባህር ወረራ መግ ላይ ለማተም

ለልደት የባለልደቱን ፎቶ መግ ላይ አሳትሞ መስጠት አሁን አሁን ትንሽ ሰልችቷል። ታሪክ የሚወድ ጓደኛ ወይም የታሪክ አስተማሪ ካላችሁ የባዮን ጥልፍ አትሙለት። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሳሎኑ ውስጥ የመግ ማተሚያ ማሽን አስቀምጦ የሚሠራ ሰው አይጠፋም። አሠራሩ ከፎቶው ብዙም አይለይም፤ ራስ ምታቱ ያለው ምስሉን መምረጡና መቁረጡ ላይ ነው።

ጥልፉ የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በፈረንጆቹ 1066 ሠራዊቱንና ፈረሶቹን በመርከብ ጭኖ፣ ባህሩን ተሻግሮ፣ እንግሊዝን እንዴት እንደያዘ ይተርካል። በበፍታ ጨርቅ ላይ በባለቀለም የሱፍ ክር ነው የተጠለፈው። ስሙን ያገኘው ለዘመናት ከኖረባት ከፈረንሳይዋ ከተማ ከባዮ ነው። የንግሥተ ሳባንና የሰለሞንን ታሪክ በሳጥን በሳጥን የሚተርከውን የእኛን ሥዕል ያየ ሰው ይህንንም ማንበብ አይከብደውም። እዚህ ግን ሳጥን የለም፤ አንዱ ትዕይንት ከሌላው ተያይዞ ይሄዳል፣ አንዳንድ ቦታ ዛፍ ወይም ግንብ ብቻ ይለያቸዋል።

ብዙ ሰው ሙሉውን ላትም ይላል። አይሆንም። ጥልፉ ርዝመቱ 70 ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ ግማሽ ሜትር ነው። መግ ላይ ያላችሁ ቦታ ደግሞ በግምት 20 በ9 ሳንቲሜትር። ሙሉውን በ20 ሳንቲሜትር ካስገባችሁት ቁመቱ አንድ ሚሊ ተኩል እንኳን አይሞላም፣ መስመር ነው የሚመስለው። ቁመቱን 9 ካደረጋችሁት ከ70 ሜትሩ የሚገባላችሁ አንድ ሜትር ከአሥር ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ትዕይንት ምረጡ።

የእኔ ምርጫ መርከቦቹ ናቸው። ሸራቸው ባለመስመር ነው፣ ፈረሶቹም ከመርከቡ ጠርዝ በላይ አንገታቸውን አውጥተው ይታያሉ፣ ደስ ይላል። ሁለተኛው ምርጫ በዚያው ዓመት የታየውን ጅራታም ኮከብ፣ ዛሬ ሃሌይ የምንለውን፣ ሰዎች እየጠቆሙ የሚያዩበት ክፍል ነው። ዊልያም ያሸነፈበትን የሄስቲንግስን ጦርነት ግን ለስጦታ አልመክርም፤ ከታች ባለው ጠርዝ ላይ የሞቱ ሰዎች ጥሩራቸው ሲገፈፍ ይታያል፣ በቁርስ ሰዓት ማን ያንን ማየት ይፈልጋል?

ስትቆርጡ ከላይና ከታች ያሉትን እንስሳትና ወፎች አትጣሉ፣ ግማሹ ውበት እነሱ ናቸው። ከመርከቦቹ በላይ ያለው የላቲን ጽሑፍ በብዙ መርከቦች ላይ ስለተዘረጋ መቆረጡ አይቀርም፤ ቢያንስ ቃል መሃል ላይ አትቁረጡት። የጨርቁንም ቀለም ነጭ ለማድረግ አትታገሉ፣ ገርጣ ያለው መልኩ ነው ጥልፍ የሚያስመስለው።

ሌላው ብዙ አታሚዎች የማያስቡት ነገር የመያዣው አቅጣጫ ነው። በቀኝ እጁ የሚጠጣ ሰው ፊት የሚመጣው የምስሉ ቀኝ ጫፍ ነው፣ ግራው ጫፍ ፊት ለፊቱ ለተቀመጠው ይታያል። ስለዚህ ዋናውን መርከብ ወደ ቀኝ አድርጉት። ሰውየው ግራኝ ከሆነ ገልብጡት፣ ማለቴ ቦታውን እንጂ ምስሉን አይደለም፤ ምስሉን ከገለበጣችሁት ጽሑፉም መርከቡም ወደ ኋላ ይሄዳል።

ምስሉን ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ከፎቶው ሥር የተጻፈውን ፈቃድ አንብቡ። ስፋቱ ቢያንስ 2400 ፒክስል ይሁን። ለአታሚው በቴሌግራም ስትልኩለት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለዚያ ተጨምቆ ይደርሰውና ፈረሶቹ ድመት ይመስላሉ። «ላሳምረው» ካላችሁም እምቢ በሉ፤ ሳትጠይቁት ልብና «ሃፒ በርዝደይ» ኮከቡ አጠገብ ይለጥፍላችኋል።

ራሳችሁ የምታትሙ ከሆነ መጀመሪያ መጉ ለሰብሊሜሽን፣ ማለትም ቀለምን በሙቀት ከወረቀት ወደ መጉ ለማስተላለፍ፣ የተቀባ መሆኑን አረጋግጡ፣ ተራ ሸክላ ቀለሙን አይዝም። በአልኮል ጥረጉት። ወረቀቱ ላይ ብቻ ምስሉን በመስታወት እንደሚታይ ገልብጣችሁ በሰብሊሜሽን ቀለምና ወረቀት አትሙ፣ መጉ ላይ ሲያርፍ ይስተካከላል፤ ወረቀት ላይ ደብዘዝ ቢል አትደንግጡ፣ ሙቀት ሲያገኝ ይደምቃል። ሙቀት በሚችል ፕላስተር ወጥራችሁ ለጥፉት፣ ከዚያ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ለሦስት ደቂቃ ያህል፣ ትክክለኛውን ከማሽኑና ከወረቀቱ መመሪያ እዩ። እኛ ሰፈር መብራቱ ሲመጣና ሲሄድ የሚውልበት ቀን ስላለ፣ ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ያን ቀን አትጀምሩ። መሃል ላይ ከተቋረጠ ወረቀቱን አንስቶ እንደገና መለጠፍ አይሠራም፣ አንዱ መርከብ ሁለት ይሆናል።

መጉ ሲወጣ በጣም ያቃጥላል፣ ጓንት አድርጉ። ወረቀቱን በአንድ ጊዜ ላጡት፣ ከዚያ በራሱ ይቀዝቅዝ። ስትሰጡትም ለባለቤቱ በለስላሳ ስፖንጅ እንዲያጥበው ንገሩት፣ የድስት ሽቦ አይንካው።