መኪና ውስጥ እየኖሩ መጻፍ፦ በድሬዳዋና በሐረር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቤት ኪራይ ያማረራቸውና ጸጥታ ያጡ ወጣት ጸሐፊዎች በተገናኘን ቁጥር አንድ ሐሳብ ያነሱልኛል፤ አሮጌ አባዱላ ገዝቶ፣ ወንበሩን አስነቅሎ፣ አልጋና ጠረጴዛ አስገጥሞ ውስጡ እየኖሩ መጻፍ። ሐሳቡን እወደዋለሁ። በእኛ በምሥራቁ በኩል ደግሞ የተለየ ጥቅም አለው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ የሚለያያቸው መንገድ ግን 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ሽቅብ፣ ብርዱ ሲጠና ቁልቁል ማለት ይቻላል። ይህ ኑሮ የሚያዋጣው ግን የጽሕፈት ሰዓት እስካተረፈ ድረስ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ያንን ሰዓት ይበላሉ፤ አንዳንዶቹ ሕይወትም ያጠፋሉ።

በየቀኑ መንቀሳቀስ

መኪና ስላላቸው ብቻ መሄድ ያለባቸው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ዛሬ ከዚራ ጥላ ሥር፣ ነገ ሐሮማያ፣ ከነገ ወዲያ ባቢሌ። ቦታ መቀየር ሥራ የሠሩ ያስመስላል። አዲስ ቦታ በደረሱ ቁጥር ግን ውሃ የት እንደሚቀዳ፣ ሽንት ቤት የት እንዳለ፣ ሌሊት ማን እንደሚጠብቅ እንደገና መጠየቅ አለ። ግማሽ ቀን በዚህ ያልቃል፤ የተጀመረው ምዕራፍ እዚያው ቆሞ ይቀራል። እኔ የምመክረው በወቅት መንቀሳቀስን ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ድሬዳዋ፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሐረር። ለጽሑፉ የሚያስፈልግ ጉዞ ካለ ከሰዓት በኋላ ይደረግ።

ከባድ ቤት መሥራት

አናጺ ቤት ሥራልኝ ከተባለ ሞራሌና ቺፑድ ያዛል። መኪና ይህን አይሸከምም። አልጋና መደርደሪያው በቱቦላሬና በቀጭን ኮምፔንሳቶ ይሠራ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ነው፤ አራቱ ፖርቶመጋላ ላይ ሲጫኑ 80 ኪሎ ከጣሪያ በላይ ተቀመጠ ማለት ነው። የዚህ ዋጋ የሚታየው ደንገጎ ላይ ነው። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወረድ ፍሬን ብቻ የሚረግጥ ሹፌር ፍሬኑ ይግልበትና መያዝ ያቆማል። በከባድ ማርሽ፣ ማለትም በአንደኛ ወይም በሁለተኛ፣ ይውረዱ፤ ከባዱን ዕቃ ወለሉ ላይ ያድርጉ፤ ውሃውን ድሬ ከደረሱ በኋላ ይሙሉ። መጻሕፍትም ይከብዳሉና ለያዙት ሥራ የሚያስፈልጉትን ብቻ ይዘው ቀሪውን ዘመድ ቤት ያስቀምጡ።

ወንበር ከመነቀሉ በፊት ደግሞ ሊብሬውን ይዞ ትራንስፖርት ቢሮ መጠየቅ ያስፈልጋል። በሊብሬው የተጻፈው የወንበር ብዛትና መኪናው ውስጥ ያለው ካልተገጣጠመ ቦሎ ለማሳደስ ሲቀርቡ ጣጣ ይመጣል።

ጣሪያውን ችላ ማለት

ቀትር ላይ ድሬዳዋ ፀሐይ ላይ የቆመ ላሜራ ውስጥ ማንም ሰው አይጽፍም። ጣሪያው ነጭ ይቀባ። በላሜራውና በውስጥ ልባሱ መካከል ወፍራም ፎም ይግባ። የሶላር ሰሌዳው ከጣሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ ከታሰረ ኃይልም ይሰጣል፣ ጥላም ይሆናል። ኃይሉን አስቀድሞ ማስላት ይገባል። 50 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ በአምስት ሰዓት 250 ዋት ሰዓት ይበላል፤ 25 ዋት የሚወስድ ማራገቢያም በ10 ሰዓት ያንኑ ያህል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ በስሌት 1,200 ዋት ሰዓት ቢይዝም ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በታች ባይወርድ ይሻላል፤ ስለዚህ 600 ብለው ይቁጠሩት። ለአንድ ቀን ይበቃል፤ ፍሪጅ ልጨምር ካሉ ግን አይበቃም።

ድሬዎች እኩለ ቀን ላይ ሱቃቸውን ዘግተው የሚያርፉት በምክንያት ነው። ጸሐፊም ይህን ልማድ ይያዝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ያለው አምስት ሰዓት ወርቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥላ ፍለጋ ነው።

አሸዋ ላይ ማደር

ይህን ጠበቅ አድርጌ ነው የምናገረው። ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በበጋ ደረቅ፣ ሰፊና ለጥ ያለ ነው፤ መኪና ለማቆም የተመቸ ይመስላል። ውሃው የሚመጣው ግን ከላይ ከደጋው ነው። ድሬዳዋ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የድሬ ሰው ዛሬም ያን ሌሊት አይረሳውም። ጎርፍ በክረምት ብቻ አይመጣም፤ በበልግም ይመጣል። ቦታው ርካሽና ጸጥ ያለ ቢሆንም፣ ሌሎች መኪኖች ቆመው ቢያዩም፣ ለአንድ ሌሊት እንኳ ቢሆን አይደሩበት።

ከሰል በመኪና ውስጥ

ሐረር ሌሊት ይበርዳል። ቡናው ተፈልቶ ካለቀ በኋላ ፍሙን እንዲያሞቅ ትቶ በር ዘግቶ መተኛት ያጓጓል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። መኪና ደግሞ ከማንኛውም ክፍል ይጠብባል። መስኮት ገርበብ ማድረግ ዋስትና አይሆንም። ከሰል ሁልጊዜ ውጭ ይቀጣጠል፣ ውጭ ይጥፋ። ሞተር አስነስቶ መተኛትም ያው ነው። ለብርዱ ብርድ ልብስና ጋቢ በቂ ነው።

ውሃን ክፍት መተው

በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ የምትራባው በውሃ ማጠራቀሚያ ዕቃ ውስጥ ነው፤ ረግረግ አትፈልግም። የደንጊ ትኩሳት አስተላላፊዋም እንዲሁ፣ እሷ ደግሞ ቀን ትናከሳለች። ጀሪካንና ባልዲ ይከደኑ፤ መስኮቱ ወንፊት ይኑረው፤ ሲተኙ አጎበር ይዘርጉ።

ምርቃናን እንደ ብዕር ማየት

አወዳይ መንገድ ላይ ነው፣ ጫቱም ትኩስ ነው። ከሰዓት በኋላ የመኪናውን በር ከፍቶ የሚቅም ጸሐፊ ሐሳቡ ይጎርፍለታል፤ ሙሉ ምዕራፍ በቃሉ ይተርካል። ወረቀት ላይ የሚቀረው ግን ጥቂት ነው። የከፋው ጉዳት ሌሊቱን እንቅልፍ መንሣቱ ነው፤ ከላይ ያልኩት የንጋት ሰዓት በእንቅልፍ ያልፋል፤ ሲነቁ ላሜራው ግሏል። በዚህ አገር በርጫ የወዳጅነትና የዱዓ መቀመጫ መሆኑን አውቃለሁ። ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ማዳመጥ ለጸሐፊ ትልቅ ሀብት ነው፤ እዚያ የሚሰማው ወግ ሌላ ቦታ አይገኝም። ለመስማት ይቀመጡ፣ የሰሙትን ይመዝግቡ፣ ለመጻፍ ግን ንጋቱን ይጠብቁ።

ከሰው መሸሽ

ብዙዎች መኪናውን የሚፈልጉት ብቻቸውን ለመሆን ነው። መጋረጃ ጋርደው ማንንም ሳያናግሩ የሚኖሩ ሰዎች ሰፈሩን ያስጨንቃሉ፤ ማነው፣ ምን ይሠራል፣ ለምን ይደበቃል ይባላል። ሐረር ላይ የጀጎል መተላለፊያዎች ጠባብ ስለሆኑ መኪናው ከግንቡ ውጭ ነው የሚቆመው። እዚያ ማታ ጅብ ይመላለሳል፤ የምግብ ትርፍራፊ ደጅ አይጣል። ጎረቤቶቹንም መጀመሪያ ሄዶ ማናገር ነው።

«አባባ፣ ጸሐፊ ነኝ፤ እዚህ ጥግ መኪናዬን አቁሜ ጥቂት ወራት ልቆይ አስቤ ነበር።»

«አብሽር ልጄ! ግባ፣ መጀመሪያ ቡና ጠጣ።»

ቀበሌውም ይወቅ፤ የግቢው ጥበቃም በወር የሚታሰብለት ይኑር። የሥራ ሰዓትዎንም በግልጽ ይንገሯቸው፤ ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ሊያንኳኩ የሚመጡትን ልጆች «ጋሼ እየጻፈ ነው፣ ረፋድ ላይ ኑ» ብለው የሚመልሱልዎት እነሱ ናቸው።