በእርግዝና ጊዜ የመንጃ ፈቃድ ፈተና፦ ብሪታንያ ውስጥ ለሚፈተኑ እናቶች

ብሪታንያ ውስጥ ነፍሰ ጡር ሴት እስከ ስንተኛው ወር ድረስ የመንጃ ፈቃድ ፈተና መውሰድ እንደምትችል የሚገድብ ሕግ የለም። ፈተናውን የሚሰጠው ዲቪኤስኤ የተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚጠብቀው ተፈታኟ የደህንነት ቀበቶ ማሰር፣ ፍሬን በድንገት ረግጣ ማቆም እና መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳች ማሰለፍ የምትችልና ፈቃደኛም የሆነች እንድትሆን ነው። «ይፈቀዳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ያበቃል። የሚከብደው የቀኑ ነገር ነው። እርግዝና 40 ሳምንት ነው፤ የፈተናው ወረፋ ደግሞ በብዙ ከተሞች ወራትን ይወስዳል። ሁለቱን ሳያመሳክሩ ቀን የያዙ ሴቶች ወይ በመጨረሻው ወር ሆዳቸው መሪውን እየነካ ይፈተናሉ፣ ወይ ቀኑ ደርሶ አራስ ቤት ያገኛቸዋል። ስለዚህ ከሆድ በፊት ከቀን መጀመር ይሻላል።

እዚህ የተጻፈው እንግሊዝን፣ ስኮትላንድንና ዌልስን የሚመለከት ነው፤ ሰሜን አየርላንድ የራሷ አሠራር አላት። አገር ቤት ለዓመታት የነዱ እህቶች ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ፦ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የሚያገለግለው የብሪታንያ ነዋሪ ከሆኑ በኋላ ባሉት 12 ወራት ብቻ ነው። በቀጥታም ወደ ብሪታንያ መንጃ ፈቃድ አይለወጥም። እንደማንኛውም ጀማሪ ፕሮቪዥናል የሚባለውን የተማሪ ፈቃድ አውጥተው በቲዎሪም በተግባርም መፈተን ግድ ይላል። ብዙዎቻችን ይህን ነገር ለነገ ስንል ቆይተን፣ የሕፃን ጋሪ ይዞ አውቶቡስ መሳፈር በዓይነ ኅሊናችን ሲመጣ ነው ድንገት የምንነሣው።

ወደ ኋላ መቁጠር

ሐኪም ወይም አዋላጅ የነገረችዎትን የመውለጃ ቀን ይጻፉና ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ለተግባር ፈተና የተሻለው ጊዜ በእኔ ግምት ከ18ኛው እስከ 30ኛው ሳምንት ያለው ነው፤ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ የመጀመሪያዎቹ ወራት ማቅለሽለሽና ድካም የሚቀልበት፣ ሆድ ግን ገና እንቅስቃሴን ያልከለከለበት ጊዜ ነውና። በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ የተግባር ፈተና ቀን የሚከፈተው እስከ 24 ሳምንት ድረስ ወደፊት ሲሆን፣ በትልልቅ ከተሞች ከሩቁ ቀን በስተቀር ሌላው ተይዞ መገኘቱ የተለመደ ነው። በ10ኛው ሳምንት ላይ ያለች፣ ቲዎሪውን ገና ያልተፈተነች ሴት ብናስብ፣ ለቲዎሪው አራት ሳምንት ቢያስፈልጋትና ከዚያ በኋላ የመጨረሻውን ቀን ብታገኝ፣ የተግባር ፈተናዋ 38ኛው ሳምንት ላይ ይውላል። ስለዚህ ማርገዝዎን እንዳወቁ የመጀመሪያው ሥራ ቲዎሪውን መጨረስ ነው፤ ያለ ቲዎሪ ማረጋገጫ የተግባር ቀን መያዝ አይቻልምና።

ሩቅ ቀን ቢደርስዎትም ይያዙት። ሌሎች ሰዎች የሰረዙት ቀን ሲገኝ ወደ ቅርብ ማምጣት ይቻላል፤ ሆኖም ቀን የመቀየር ዕድሉ በቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ሦስት ቀን ብቻ ለማሻሻል አያባክኑት። ኦፊሴላዊው ክፍያ በሥራ ቀን 62 ፓውንድ፣ በምሽትና በሳምንት መጨረሻ 75 ፓውንድ ነው፤ «ፈጣን ቀን እናወጣልሻለን» እያሉ በቴሌግራም ከዚህ በላይ የሚጠይቁ ደላሎች ቢያጋጥሙዎት ይለፏቸው። ቀኑን ሲይዙ እርግዝናዎ በፈተናው ዕለት የገፋ እንደሚሆን ያሳውቁ። ይህ መብት እንጂ ልመና አይደለም፤ ፈታኙ አስቀድሞ ሲያውቅ ከመኪና ለመውረድና ለመግባት፣ ወይም በመካከል ቆም ብሎ ለማረፍ ጊዜ ሊሰጥዎት ይችላል። የፈተናው ይዘትና መመዘኛ ግን አይቀልም።

ስለ መሰረዝም አስቀድመው ያስሉ። ከእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2025 ጀምሮ ክፍያው ሳይጠፋ ቀን ለመቀየር ወይም ለመሰረዝ 10 ሙሉ የሥራ ቀናት አስቀድሞ ማስታወቅ ያስፈልጋል። ቅዳሜ እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል፤ ያስታወቁበት ቀንና የፈተናው ቀን ግን አይቆጠሩም። በተግባር ሁለት ሳምንት ግድም ማለት ነው። ስለዚህ ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ተቀምጠው ራስዎን ይጠይቁ፦ ቀበቶ አስሬ አንድ ሰዓት እቀመጣለሁ? አንገቴን አዙሬ ኋላዬን አያለሁ? መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ገንዘቡ ሳይጠፋ መቀየሪያው ሰዓት ያ ነው።

ቲዎሪው

50 ጥያቄ በ57 ደቂቃ ውስጥ ይመለሳል፤ ለማለፍ 43 ማግኘት ያስፈልጋል። ከዚያ አደጋን አስቀድሞ የማየት ችሎታ የሚለካባቸው 14 አጫጭር ቪዲዮዎች ይቀጥላሉ፤ ከ75 ነጥብ 44 ማምጣት ግድ ነው። ክፍያው 23 ፓውንድ ነው። በአማርኛ ትርጉም ታግዞ መፈተን አይቻልም፤ በውጭ ቋንቋዎች ይሰጥ የነበረው የድምፅ እገዛና የአስተርጓሚ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2014 ቀርቷል። ነፍሰ ጡር ሆነው ሲሄዱ ከመግባትዎ በፊት መጸዳጃ ቤት ይጠቀሙ፤ በመካከል ቢወጡ ሰዓቱ አይቆምልዎትም።

ያለፉበት ማረጋገጫ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ በወሊድ ምክንያትም አይራዘምም። ከዚህ በፊት አልፈው ማረጋገጫው ሊያበቃ የተቃረበ ከሆነ፣ ከወሊድ በኋላ እፈተናለሁ ማለት ቲዎሪውን ከሀ መጀመር ሊሆን ስለሚችል ቀኑን አሁኑኑ ይዩት።

ፍሪሲዮን ወይስ አውቶማቲክ?

እዚህ ላይ የኔ አቋም ግልጽ ነው። ባለ ማርሽ መኪና ላይ ብዙ ወር የተለማመደች ሴት በሰባተኛው ወር መኪና መቀየር አያስፈልጋትም፤ ገና ጀማሪ የሆነች ግን አውቶማቲኩን ብትመርጥ ግራ እግሯ ፍሪሲዮን በመርገጥ አይደክምም፣ መቀመጫዋንም ትንሽ ወደ ኋላ መሳብ ትችላለች። ጉዳቱ አንድ ነው፦ በአውቶማቲክ ያለፈ ሰው ባለ ማርሽ መኪና የመንዳት ፈቃድ አያገኝም፤ ለዚያ እንደገና መፈተን ይኖርበታል። አገር ቤት ስትመለስ የአባቷን መኪና መንዳት የምታስብ ሴት ይህን ታስብበት።

መቀመጫና ቀበቶ

በደረት አጥንትዎና በመሪው መካከል ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖር መቀመጫውን ያስተካክሉ፤ ኤርባጉ ከመሪው ውስጥ በኃይል ስለሚወጣ ቅርበቱ አደገኛ ነው። መሪው ከፍና ዝቅ የሚደረግ ከሆነ ፊቱ ወደ ሆድዎ ሳይሆን ወደ ደረትዎ እንዲያይ ያድርጉት። መቀመጫውን ወደ ኋላ ከሳቡ በኋላ ፍሪሲዮኑንና ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጠው ይሞክሩ፤ ጉልበትዎ ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ ከሆነ ከመጠን በላይ ወደ ኋላ ሄደዋል። መቀመጫ ሲንቀሳቀስ መስተዋት ሁሉ እንደሚዛነፍ ስለሚረሳ፣ የውስጡንም የውጩንም ስፖኪዮ እንደ አዲስ ያስተካክሉ። ሆድ በየሳምንቱ ስለሚያድግ ባለፈው ወር የለመዱት አቀማመጥ በፈተናው ቀን አይሠራም፤ ከአሠልጣኝዎ ጋር በየልምምዱ መጀመሪያ ላይ ይህን ይድገሙት።

በማኅበረሰባችን «ቀበቶ ፅንሱን ይጫነዋል» የሚል ምክር ከእናቶች በተደጋጋሚ ይሰማል። ፍቅር ያለበት ምክር ቢሆንም ልክ አይደለም፤ በግጭት ጊዜ ፅንሱን የሚጎዳው የእናቱ መጎዳትና ከመሪው ጋር መላተሟ ነው። ጥያቄው እንዴት ይታሰር ነው። የታችኛው ቀበቶ ከሆድ በታች፣ በጭኖችና በዳሌ አጥንት ላይ ዝቅ ብሎ ይለፍ፤ ሰያፉ ደግሞ በጡቶች መካከል ወርዶ በሆድ ጎን በኩል ይዙር። በሆድ ላይ በቀጥታ የሚያልፍ ቀበቶ የለም። ሕጉም ቢሆን ነፍሰ ጡርን ነፃ አያደርግም፤ ሐኪም የነፃነት የምስክር ወረቀት ካልሰጠ በስተቀር ቀበቶ አለማሰር እስከ 500 ፓውንድ ያስቀጣል።

ወደ ኋላ መንዳትና ድንገተኛ ፍሬን

በፈተናው ላይ ወደ ኋላ የመንዳት አንድ ሥራ ይሰጣል፦ በመንገድ ዳር በቆመ መኪና አጠገብ ማሰለፍ፣ ወደ ማቆሚያ ሣጥን በኋላ ገብቶ መውጣት፣ በፊት ገብቶ በኋላ መውጣት፣ ወይም በቀኝ በኩል ቆሞ የሁለት መኪና ርዝመት ያህል ወደ ኋላ ሄዶ ጉዞ መቀጠል። ነፍሰ ጡር ሴቶች ዙሪያቸውን ሳያዩ ቀርተው ነጥብ ሊጥሉ ይችላሉ፤ ወገብ አልዞር ሲል ሰው ሳያስበው ስፖኪዮ ላይ ብቻ ይደገፋል። መፍትሔው መዘግየት ነው። ከመንቀሳቀስዎ በፊት በሁለቱም ትከሻዎችዎ በኩል ይመልከቱ፣ ከዚያ እንደ ኤሊ ይሂዱ፣ እግረኛ ወይም መኪና ሲመጣ ያቁሙ፣ እንደገና ይመልከቱ። መዘግየት አይጥልም፤ አለማየት ይጥላል። ብዙዎች የማያውቁት ነገርም አለ፦ ሕጉ አሽከርካሪ ወደ ኋላ በሚነዳበት ጊዜ ቀበቶውን እንዲፈታ ይፈቅድለታል። ሰውነት ለማዞር ቀበቶው ከያዘዎት ለፈታኙ ነግረው ፈትተው ይሥሩ፤ ወደፊት ከመንቀሳቀስዎ በፊት ግን መልሰው ይሰሩት፣ በልምምድ ጊዜም አብረው ይለማመዱት።

ድንገተኛው ፍሬን በሁሉም ተፈታኝ ላይ አይደርስም፤ ሲደርስም ፈታኙ አስቀድሞ ምልክቱን ያሳያል፣ ኋላውን አይቶም ነው «ቁም» የሚለው። ቀበቶው በትክክል ከታሰረ የሚሰማዎት ደረትና ዳሌ ላይ የሚያርፍ መያዝ ነው። ሆኖም አሥር ጊዜ እየደጋገሙ መለማመድ አያስፈልግም፤ ከአሠልጣኙ ጋር በዝቅተኛ ፍጥነት ጥቂት ጊዜ ይበቃል። ሐኪምዎ እንዳይደናገጡ ወይም እንዳይነዱ ከነገረዎት ይህን ክፍል መሥራት ስለማይችሉ ፈተናውን ያስተላልፉ። ግጭት ቢያጋጥም፣ ቀላልም ቢመስል፣ ምንም ሕመም ባይኖርም እንኳ በዚያው ቀን ወደ ማዋለጃ ክፍል ደውለው ይታዩ።

የፈተናው ዕለት

ፈተናው 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ቁርስ ሳይበሉ አይሂዱ። ጾም ውስጥ ቢገጥምም ቤተ ክርስቲያንም ሆነ እስልምና ለነፍሰ ጡር ፈቃድ እንዳላቸው ያውቃሉ፤ በባዶ ሆድ የሚመጣ ማዞር ግን በአደባባይ መካከል ፈቃድ አይጠይቅም። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አንዳንዶቹ እንቅልፍ ስለሚያመጡ አዋላጅዎን አስቀድመው ይጠይቁ። እግር በሚያብጥበት ጊዜ ሰፋ ያለ፣ ሶሉ ስስ የሆነ ጠፍጣፋ ጫማ ያድርጉ፤ ልምምዱም በዚያው ጫማ ይሁን። በማዕከሉ መጸዳጃ ቤት አለ ብለው አይተማመኑ፣ በአቅራቢያው ያለ ሱፐርማርኬት አስቀድመው ይወቁ። ፕሮቪዥናሉን አይርሱ።

ፈታኙ በመጀመሪያ በ20 ሜትር ርቀት ላይ ያለ የመኪና ሰሌዳ ያስነብብዎታል፤ ከዚያ ስለ መኪናው ደህንነት አንድ ጥያቄ በቃል ይጠይቃል። ጥያቄው የሞተር ዘይት ከሆነ ኮፈን መክፈት ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ማጎንበስ ከከበደዎት ሳያፍሩ ይንገሩት። በጉዞው ላይ እስከ 15 ቀላል ስሕተት ይታለፋል፤ አንድ ከባድ ስሕተት ግን ይጥላል። ሕፃኑ አጥብቆ ቢራገጥ፣ ማዞር ቢመጣ ወይም ሆድ ቢቆነጥጥ፣ ፍሬቻ አሳይተው ደህና ቦታ ላይ መቆምና ለፈታኙ መንገር ስሕተት ተብሎ አይመዘገብም። በዕለቱ ጠዋት ደም ካዩ፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ወይም ብርቱ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ ግን ፈተናው ይቅር፤ የሚደወለው ለማዋለጃ ክፍሉ ነው። የተሰጠዎትን የሐኪም ወረቀት ያስቀምጡ፣ ስለ ክፍያው ከዲቪኤስኤ ጋር ሲነጋገሩ ያስፈልግዎታል።

ከወደቁ ቢያንስ 10 የሥራ ቀን ሳያልፍ ድጋሚ መፈተን አይቻልም፤ ከወረፋው ጋር ሲደመር የሚቀጥለው ቀን ከወሊድ በኋላ ሊሆን ይችላል። በቀዶ ጥገና ለወለደች ሴት መንዳት እስከ ስድስት ሳምንት ሊዘገይ እንደሚችል የብሪታንያ የጤና አገልግሎት ይመክራል፤ የኢንሹራንስ ውሉም የራሱ ቅድመ ሁኔታ ሊኖረው ስለሚችል ደውለው ይጠይቁ። ክርስትናው ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ስለሆነ፣ አዲሱን ቀን ሲመርጡ እንግዳ በሚበዛበት ሳምንት ላይ እንዳይውል ይጠንቀቁ፤ ሕፃኑንም ለአንድ ሰዓት ተኩል የሚይዝልዎት ሰው አስቀድመው ይጠይቁ፣ በማዕከሉ ሕፃን የሚጠብቅ የለምና።