ኦርኪድን በጠርሙስ ማባዛት፦ ስኳር በግራም፣ ሆርሞን በሚሊግራም

ፋሌኖፕሲስ የተባለው ኦርኪድ እንደ ሙዝ በዙሪያው ልጆች እያወጣ አይራባም። የወደዱትን አበባ ደግመው ለማግኘት ካበበው ዘንግ ላይ አንጓውን ቆርጠው በጠርሙስ ማብቀል አለብዎት። እኔ ከሙዝ ማባዣ ላቦራቶሪ ወደ ኦርኪድ ስመጣ ቶሎ መለየት የነበረብኝ ነገር ቢኖር ስኳር ምግብ፣ ሆርሞን ደግሞ ትእዛዝ መሆኑን ነው። የተራበ ቡቃያ ትእዛዝ ቢበዛበት አይጠግብም።

አንጓውን የሸፈነውን ቅርፊት ያንሱ። 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ለአንድ ደቂቃ፣ ቀጥሎ አንድ እጅ በረኪና በአራት እጅ ውሃ ተበርዞ ለ15 ደቂቃ ያቆዩት፤ ከዚያ በተቀቀለ ንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ ያለቅልቁት።

ሆርሞኑ ላይ ግን አይቸኩሉ። 10 ሚሊግራም ቢኤፒ (ቡቃያ እንዲወጣ የሚያዘው ሆርሞን) በግምት የሠላሳ ጤፍ ፍሬ ክብደት ነው፤ ለእያንዳንዱ ጠርሙስ እየመዘኑ አይዘልቁትም። ዱቄቱ በውሃ ብቻ በደንብ ስለማይሟሟ ጥቂት ጠብታ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውህድ ያድርጉበት፤ ኩልል ሲል በተጣራ ውሃ 10 ሚሊሊትር ይሙሉት። አሁን 1 ሚሊሊትሩ 1 ሚሊግራም ይዟል። ሥር እንዲወጣ የሚያዘውን ሆርሞን፣ ኤንኤኤንም እንዲሁ አዘጋጅተው ሁለቱንም ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ።

አንጓው ለሚበቅልበት አንድ ሊትር ምግብ፦ ግማሽ መጠን የሙራሺጌና ስኩግ ጨው (የተዘጋጀ የዕፅዋት ማዕድን ቅልቅል)፣ 20 ግራም ስኳር፣ 2 ሚሊሊትር ቢኤፒ፣ 0.2 ሚሊሊትር ኤንኤኤ። ፒኤቹን 5.6 ላይ ካደረሱ በኋላ 7 ግራም አጋር (ምግቡን የሚያረጋ ዱቄት) ጨምረው በ121 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ ያምክኑት። ስኳሩ የሱቅ ነጭ ስኳር ቢሆንም ይሠራል። በተዘጋ ጠርሙስና በደካማ ብርሃን ውስጥ ያለ ቅጠል ራሱን ችሎ መመገብ ስለማይችል ያለ ስኳር አይሆንም።

አንድ ጊዜ 0.2 ብዬ መጻፍ ሲገባኝ ነጥቡን ዘልዬ 2 ጻፍኩ፤ ኤንኤኤው ዐሥር እጥፍ ገባ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቡቃያ ስጠብቅ ከአንጓዎቹ ሥር ያበጠ፣ ቅርጽ የለሽ ቢጫ እብጠት አገኘሁ። አርባ ጠርሙስ ጣልኩ። ከዚያ ወዲህ መጠኑን ሁለት ሰው ሳያነበው ምንም አልቀዳም። ቢኤፒ ሲበዛ ደግሞ ቅጠሉ እንደ መስታወት ያሳልፋል፣ ውሃ ያቁራል፤ ሥርም እንቢ ይላል።

በመጀመሪያው ሳምንት አጋሩ ቢጠቁር አይደንግጡ፤ ከቁስሉ የሚወጣው ፌኖል የሚባል አጥቋሪ ንጥረ ነገር ነው። ወደ አዲስ ጠርሙስ ያዛውሩት። የከሰል ዱቄት ጥቁረቱን ይመጥጣል፤ ነገር ግን ሆርሞኑንም አብሮ ስለሚመጥጥ በቡቃያው ዙር አልጠቀምበትም። ሥር ሲፈለግ ግን የተረፈውን ቢኤፒ ስለሚያነሳልኝ ደስ ብሎኝ 1 ግራም እጨምራለሁ፤ ያን ጊዜ ቢኤፒ አይገባም፣ ኤንኤኤ 1 ሚሊሊትር ይሆናል።

ሥሩ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ሲደርስ ያውጡትና አጋሩን ለብ ባለ ውሃ በጣትዎ እያሹ ሙልጭ አድርገው ይጠቡት። ሥሩ ላይ የቀረች ትንሽ ስኳር በሦስት ቀን ውስጥ ሻጋታ ትጠራለች።