ለናፍጣ መኪና ብርድ የሚችል ባትሪ አመራረጥ

ኅዳር ሲገባ ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ደባርቅ ወይም ጎባ ላይ የናፍጣ መኪና ያለው ሰው ጠዋት ጠዋት ትግል ይጀምራል። ቁልፉ ሲጠመዘዝ ሁለቴ ያቃስትና ዝም። ከዚያ ጎረቤት ይጠራል፣ ይገፋል፣ ቁልቁለት ይፈለጋል። ባትሪ ሱቅ የሚኬደው ያን ዕለት ነው፣ ያውም ተናዶና ተቻኩሎ። ተቻኩሎ የገባ ሰው ደግሞ የሰጡትን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ባትሪያችሁ ሦስት አራት ዓመት ካለፈው ውርጩ ሳይመጣ፣ ጥቅምት ላይ አስፈትሹት።

ናፍጣ ለምን ይብሳል? ቤንዚን መኪና በካንዴላ ብልጭታ ይነሳል። ናፍጣ ብልጭታ የለውም፣ ነዳጁ የሚቀጣጠለው አየሩ ሲጨመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነው። ላንድክሩዘር ላይ የምናውቀው 1ኤችዜድ ሞተር አየሩን 22.4 እጥፍ ይጨምቃል፣ የተለመደ ቤንዚን ሞተር ግን ከ9 እስከ 12 እጥፍ ቢሆን ነው። ይህን ሁሉ ታግሎ የሚያዞረው ሞተሪኖው ነው፣ ሞተሪኖውን የሚቀልበው ደግሞ ባትሪው። ብርድ ሲሆን የሞተር ዘይቱ ይወፍራል፣ ባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካልም ይዘገያል፣ 0 ዲግሪ ላይ ጉልበቱ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ማለትም ሞተሩ ብዙ ጉልበት በሚፈልግበት ሰዓት ባትሪው ትንሽ ይሰጣል። በዚያ ላይ የእኛ ደጋ ከፍታ አለው። 2,800 ሜትር ላይ አየሩ ሳስቷል፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ከዞረ ደግሞ በመጨመቅ የተገኘችው ሙቀት ወደ ቀዝቃዛው ብረት ሸሽታ ታልቃለች። ስለዚህ መዞሩ ብቻ አይበቃም፣ ፈጥኖ መዞር አለበት።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጥፋቱ የባትሪው መሆኑን አረጋግጡ። ርካሽ የቮልት መለኪያ ይበቃል። ሳይነካ ያደረ ባትሪ ጠዋት ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። 12.4 ካለ ሩብ ያህሉ ጎድሏል፣ 12.2 ካለ ግማሹ የለም፣ 12.0 ካለ በተስፋ ነው ያለው። ከዚያ አንድ ሰው ቁልፉን ይጠምዝዝ፣ እናንተ ቁጥሩን እዩ። ሞተሩ እየዞረ ሳለ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ወይ ደክሟል ወይ ቻርጅ የለውም። ቁጥሩ 11 አካባቢ ቆሞ ሞተሩ ግን እየተጎተተ የሚዞር ከሆነ ባትሪውን ተዉት፣ ነገሩ ሞተሪኖው ወይም ገመዱ ጋ ነው፣ በተለይ የማሳ (የኔጌቲቭ) ገመዱ ከሞተሩ ጋር የታሰረበት ቦታ ዝጎ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ፈጥኖ እየዞረ ነጭ ጭስ ብቻ የሚተፋ ከሆነ ደግሞ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን አስፈትሹ። ለእሱ አዲስ ባትሪ መግዛት ብር መበተን ነው። በመጨረሻ መኪናው ሲነሳ 14 ቮልት አካባቢ ካላያችሁ ዲናሞው እየሞላ አይደለም ማለት ነው፣ አዲሱንም ባትሪ እንዲሁ ያስርበዋል።

ጥፋቱ የባትሪው ከሆነ እንግዲህ ወደ ሶማሌ ተራ ነው፣ ወይም በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሱቅ።

የሻጩ የመጀመሪያ ጥያቄ የታወቀ ነው። "ባለ ስንት?"

"ባለ ሰባ።"

"ይኸው፣ ጠንካራ ነው።"

አለቀ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያ 70 የሚባለው አምፔር-ሰዓት ባትሪው ምን ያህል እንደሚይዝ ነው የሚናገረው። የሚለካውም ባትሪው ለ20 ሰዓት በቀስታ፣ 3.5 አምፔር ብቻ እየሰጠ ነው። የእናንተ ሞተሪኖ ግን ንጋት ላይ ለጥቂት ሴኮንድ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ነው የሚጠይቀው። ይህንን የሚናገረው ሌላ ቁጥር ነው፣ ሲሲኤ (CCA) ይባላል። ባትሪው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሆኖ፣ ለ30 ሴኮንድ፣ ቮልቱ ከ7.2 ሳይወርድ መስጠት የሚችለው አምፔር ማለት ነው። ደብረ ብርሃን 18 ከዜሮ በታች አይደርስም፣ እሱ ልክ ነው፤ ግን ሲሲኤ የተጻፈበት ባትሪ ሁሉ በዚያው ሚዛን ስለሚመዘን ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ ቁጥር የለም። ስለዚህ ጥያቄውን ቀይሩት፣ "ሲሲኤው ስንት ነው?" በሉ።

እዚህም ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቁጥሩ አጠገብ የተጻፈውን ፊደል ሳታዩ አትክፈሉ። ሲኤ (CA) ብቻ ከሆነ የተለካው 0 ዲግሪ ላይ ነው፣ ቁጥሩም ትልቅ ይመስላል። 800 ሲኤ የሚል ባትሪ በሲሲኤ ሲታይ 640 ገደማ ነው። ኢኤን (EN) የሚለው የአውሮፓ መለኪያ ለሲሲኤ ይቀርባል። የድሮው የጀርመን መለኪያ ዲን (DIN) ግን ለዚያው ባትሪ በጣም ያነሰ ቁጥር ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ዲን 400 የሚል ባትሪ አይታችሁ አትናቁት።

ምን ያህል ይበቃል? መጀመሪያ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ወይም ፋብሪካው ያስቀመጠው ባትሪ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ፣ ከዚያ በታች በፍጹም አትውረዱ። መጽሐፉ ከጠፋ፣ እኛ አገር ደግሞ ሁሌም ጠፍቷል፣ ባለ 2.5 እስከ 3 ሊትር ሃይሉክስ ወይም ዶልፊን ደጋ ላይ የሚያድር ከሆነ 600 ሲሲኤና ከዚያ በላይ ፈልጉ። 4.2 ሊትር ላንድክሩዘር በአንድ ባትሪ የሚነሳ ከሆነ 750ና 800 ይሻለዋል። ከተፈለገው በላይ መሆኑ ሞተሪኖውን አያቃጥልም፣ ሞተሪኖ የሚስበው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው።

የጃፓን ቁጥር ማንበብ ከቻላችሁ ሥራው ይቀላል። ለምሳሌ 105ዲ31አር (105D31R) የሚል ታያላችሁ። 105 የጉልበቱ ደረጃ ነው፣ ዲ የሳጥኑ ወርድና ከፍታ፣ 31 ርዝመቱ በሴንቲሜትር፣ አር ወይም ኤል ደግሞ ፖዘቲቭ ራሱ በየትኛው በኩል እንዳለ። ሻጩ "ሰባ" ብሎ የሚያወጣላችሁ ኤን70 ብዙ ጊዜ 65ዲ31 ነው። ከ105ዲ31 ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ሳጥናቸው አንድ ነው፣ ያው ቦታ ላይ ይገባሉ፣ ጉልበታቸው ግን ሰፊ ልዩነት አለው። ብርድ አገር የሚኖር ሰው ትንሽ ጨምሮ ሁለተኛውን ቢወስድ አይቆጭም። አርና ኤሉን ግን እንዳትረሱ፣ ከተሳሳተ ገመዱ አይደርስም፣ አንዳንዱም ገመዱን ጎትቶ አቀያይሮ ያስርና ዲናሞውን ያቃጥላል።

ከቁጥሩ እኩል የሚያስጨንቀው ዕድሜው ነው። ሱቅ ውስጥ አቧራ ለብሶ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ አዲስ አይባልም። የተመረተበትን ቀን ፈልጉ፣ ካልገባችሁ ሻጩ ያንብብላችሁ። ከስድስት ወር ወዲህ የተመረተ ቢሆን ይመረጣል። ቮልቱንም እዚያው አስለኩት፤ ከ12.4 በታች ከሆነ "ቻርጅ አድርገን እንሰጥዎታለን" ቢሏችሁም ሌላ አምጡ በሉ። ደረቁን መጥቶ ሱቅ ውስጥ አሲድ የሚሞላ ባትሪ ከሆነ ደግሞ ለራሱ ጥሩ ነው፣ ሳይሞላ እስከቆየ ድረስ ብዙም አያረጅም። ግን አሲዱ እንደገባ ይዛችሁ አትሩጡ፣ ሙሉ ቻርጅ ይደረግ። በኋላ ውሃው ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው። አሲድ የሚጨምርላችሁ ሰው ካለ አስቁሙት።

ሌላው የማይነገር ነገር፣ ባትሪን የሚገድለው ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነው። ብርዱ ድካሙን ያጋልጣል እንጂ። በጅቡቲ መስመር የሚሠራ መኪና አፋር ላይ ተቀቅሎ ጣርማ በር ላይ ይሞታል። እናንተም ቆላና ደጋ የምትመላለሱ ከሆነ ባትሪውን በየዓመቱ ጥቅምት ላይ አስፈትሹ። ኤጂኤም የሚባለው ውድ ባትሪ ያስፈልጋል ወይ ብትሉኝ፣ ሞተሩ መብራት ላይ ራሱ የሚጠፋና የሚነሳ ዘመናዊ መኪና ከሌላችሁ ገንዘቡን ሌላ ነገር ግዙበት።

አይሱዙና ሌሎች ባለ 24 ቮልት መኪኖች ላይ ሁለት ባትሪ ተያይዞ ነው የሚሠራው። ሁለቱን በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት፣ አንድ ዕድሜ አድርጋችሁ ቀይሩ። አንዱን አሮጌ ትቶ አንዱን ብቻ መቀየር አዲሱን ማስረጀት ነው፣ ደካማው ሁሌ ይጎትተዋል። ሾፌሮቻችን ደግሞ የሚወዷት ነገር አለች፤ ለቴፕና ለስልክ ቻርጀር ብለው ከአንደኛው ባትሪ ብቻ 12 ቮልት ጠልፈው ያወጣሉ። ያኛው ባትሪ ሌሊቱን ሲደማ ያድራል፣ ጠዋት ሁለቱም ይወቀሳሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀይር ኮንቨርተር ይገጠም።

ሲገጠም፣ አሮጌውን ስትፈቱ ኔጌቲቩን መጀመሪያ፣ አዲሱን ስታስሩ ኔጌቲቩን መጨረሻ። ራሶቹ ላይ ያለውን ነጭ ዝገት በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡ፣ ካሰራችሁ በኋላ ግሪስ ቀቡ። ባትሪውን የሚይዘው ብረት ጠፍቶ በጎማ ክር የታሰረ መኪና ስንቱን አይተናል። ኮረኮንች ላይ የሚዘል ባትሪ ውስጡ ያሉት ፕሌቶች ይረግፋሉ፣ ብረቱን አሠርታችሁ አስገጥሙ።

ሚኒሶታ ወይም ኤድመንተን ሆናችሁ ናፍጣ ለምትነዱ፣ ለእናንተ 18 ከዜሮ በታች ተራ ጠዋት ነው። ትልልቆቹ ፒክአፖች ሁለት ባትሪ የተገጠመላቸው ለዚህ ነው፣ እነሱም አብረው ይቀየሩ። ማታ ግድግዳ ላይ የሚሰካውን የሞተር ማሞቂያ ተጠቀሙ፣ የባትሪውን ሥራ በብዙ ያቀልለታል። ቻርጁ ያለቀ ባትሪ እንደ ውሃ ነው፣ ጥቂት ዲግሪ ከዜሮ በታች ይረጋል። ጎኑ ያበጠ ወይም የረጋ ባትሪ ካያችሁ ኬብል እንዳትሰኩበት፣ ሊፈነዳ ይችላል። አውርዳችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት፣ ሲቀልጥ ሳጥኑ ተሰንጥቆ ካገኛችሁት ጣሉት።