አይቲ ልትማሩ ነው? መጀመሪያ የአገር ቤት ዲግሪያችሁን አስገምግሙ

በዲቪም ሆነ በቤተሰብ ጥሪ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ የገባ ሰው በሳምንቱ «አይቲ ተማር» መባሉ አይቀርም። ምክሩ ጥሩ ነው። ችግሩ አብሮ የሚጠቆመው ትምህርት ብዙ ጊዜ «በሦስት ወር ሥራ ያስይዛል» የተባለ፣ ብዙ ሺህ ዶላር የሚከፈልበት ኮርስ መሆኑ ነው። አንዳንዱ ጭራሽ ያልሠራችሁትን ሥራ እንደ ልምድ አድርጎ ሬዙሜያችሁ ላይ ይጽፍላችኋል። እባካችሁ ይህን አትቀበሉ። ቀጣሪው የቀድሞ ሥራችሁን ሲያጣራ ሊደርስበት ይችላል፤ ባይደርስበት እንኳ የተቀጠራችሁበትን ሥራ ሳታውቁት ወንበሩ ላይ መቀመጥ ከባድ ጭንቀት ነው።

እኔ ለአዲስ ገቢ መደበኛውን ትምህርት የምመክረው ለወረቀቱ ብቻ ብዬ አይደለም። እዚህ አገር «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ፣ ይሠራል» የሚልላችሁ ሰው የላችሁም። ኮሌጅ ስትገቡ ግን የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ መምህር፣ አብሮ ፕሮጀክት የሚሠራ ተማሪ፣ ቀጣሪዎች ግቢ ድረስ የሚመጡበት ቀን ታገኛላችሁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኢንተርንሺፕ (ድርጅት ውስጥ የሚሠራ የተማሪ የሥራ ልምምድ) አለ፤ አብዛኛው ለተመዘገበ ተማሪ ብቻ የሚሰጥ ነው። ሐሰተኛ ልምድ ከመግዛት እውነተኛውን የምታገኙበት በር ይኸው ነው።

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የጨረሳችሁ ከሆነ ከዜሮ አትጀምሩ። ዲግሪያችሁ እዚህ አገር ከየትኛው ጋር እንደሚመጣጠን ደብሊው ኢ ኤስ (WES) በሚባለው ገምጋሚ ድርጅት ወይም ሌላ የናሴስ (NACES፣ የገምጋሚ ድርጅቶች ማኅበር) አባል ዘንድ አስገምግሙ። ትምህርት ለመቀጠል ካሰባችሁ እያንዳንዱን ኮርስ ከነክሬዲቱ የሚዘረዝረውን ግምገማ ጠይቁ፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ዩኒቨርሲቲዎች የሚፈልጉት እሱን ነው።

የእኛን ሰው እዚህ ላይ የሚያጉላላው በአብዛኛው ኮስት ሼሪንግ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምራችሁ የወጪ መጋራቱን ካልከፈላችሁ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይላክላችሁም። ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲያችን ውክልና ልካችሁ ወንድም ወይም እህት ሬጅስትራር ቢሮ ድረስ ሄዶ እንዲጨርስላችሁ አድርጉ። የስም አጻጻፍ ችግርም አለ። ካሳሁን ፓስፖርቱ ላይ በሁለት «ኤስ»፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ በአንድ «ኤስ» ተጽፎ ከሆነ ፋይሉ ሊቆም ይችላል፤ ማመልከቻው ላይ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ተጠቀሙና የዲግሪውን ደግሞ በሌላ መጠሪያነት አስመዝግቡ። ዓመተ ምሕረቱንም አስተውሉ፤ በሰኔ 2010 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በፈረንጅ በ2018 ነው የተመረቀው። ሰነዱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ካልገለጸ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ትቆጠራላችሁ።

ግምገማው ሲወጣ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቀ ሰው በቀጥታ ለማስተርስ ማመልከት ይችላል። ጆርጂያ ቴክ ከ2014 ጀምሮ በኦንላይን የሚሰጠው የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ በጠቅላላው ከ10,000 ዶላር በታች ነው፤ ማታ ማታ እየተማሩ ቀን ለሚሠሩ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ዋጋ ብዙ አላየሁም።

ዲግሪ ለሌላችሁ መንገዱ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው፤ በቨርጂኒያ በኩል ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ)፣ በሜሪላንድ ደግሞ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ። ኖቫ አድቫንስ በሚባል ፕሮግራም ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር ስለተሳሰረ ክሬዲት ሳይባክን ወደዚያ መሻገር ይቻላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፋፍሳ (FAFSA) የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ድጎማ ማመልከቻ ሞልቶ፣ ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ፣ ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የመንግሥት ድጎማ ያገኛል፤ በ2024–25 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። ፔል የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው አይሰጥም፤ የአገር ቤት ዲግሪም ይቆጠራል። «ዲግሪ አለኝ አትበሉ» የሚል መካሪ ካጋጠማችሁ አትስሙት፤ ፋፍሳ ላይ መዋሸት ወንጀል ነው። ለግዛቱ ነዋሪ የሚሰጠውን ዝቅተኛ የትምህርት ክፍያ ለማግኘት ቨርጂኒያ አብዛኛውን ሰው አንድ ዓመት መኖሩን በማስረጃ ስለምትጠይቅ፣ የቤት ኪራይ ውላችሁን፣ መንጃ ፈቃዳችሁንና የታክስ ወረቀታችሁን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ያዙ።

ሰርተፊኬትን አልንቅም። ሁለት ፈተና ያለው ኮምፕቲያ ኤ ፕላስ የሚባለው ሰርተፊኬት የሄልፕ ዴስክ (የኮምፒውተር ችግር ለገጠማቸው ተጠቃሚዎች እርዳታ የመስጠት) ሥራ ለመጀመር ይረዳል፤ በቨርጂኒያ ፋስት ፎርዋርድ በሚባለው ፕሮግራም ከተማራችሁና ከጨረሳችሁ ከዋጋው የምትከፍሉት ሲሶውን ነው። ሳይበር ሴኩሪቲን (የኮምፒውተር ደህንነትን) ግን አስባችሁበት ግቡ። ሴኩሪቲ ፕላስ የሚባለውን የዘርፉን ሰርተፊኬት ይዛችሁም ቢሆን ዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ብዙው የመከላከያ ኮንትራት ሥራ ክሊራንስ (ሚስጥራዊ መረጃ ለማየት የሚሰጥ የመንግሥት ፈቃድ) ይጠይቃል፤ ክሊራንስ ደግሞ የሚሰጠው ለዜጋ ነው፤ በግሪን ካርድ ለገባ ሰው ዜግነት በአብዛኛው አምስት ዓመት ይፈጃል። እስከዚያ ሆስፒታሎች፣ ባንኮችና የግል ኩባንያዎች ላይ አተኩሩ።

የፎል ሴሚስተር ኦገስት መጨረሻ ላይ ይጀምራል። ትራንስክሪፕት ከአገር ቤት እስኪደርስ ወራት ስለሚፈጅ ጥያቄውን ከጃንዋሪ በፊት ላኩ። እስኪመጣ ድረስ የኮሌጁን የእንግሊዝኛና የሒሳብ ምደባ (በየትኛው ደረጃ እንደምትጀምሩ የሚለየውን) ጨርሱ፤ ለእሱ የአገር ቤት ወረቀት መጠበቅ አያስፈልግም።