ኢግቦኛን በኮላ ፍሬ ሥርዓት መማር

በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ የሚኖሩት ኢግቦዎች «ኮላ እንግሊዝኛ አይሰማም» ይላሉ። ለእንግዳ የሚቀርበው ይህ ፍሬ በኢግቦኛ መባረክ ስላለበት፣ በዕለት ሥራቸው እንግሊዝኛ የሚቀናቸው ሰዎች እንኳ በዚያች ሰዓት ወደ አፍ መፍቻቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ በለገጣፎ እንደምንሰበሰበው አነስተኛ የጥናት ቡድን ቋንቋውን ከአገሩ ርቆ ለሚማር ሰው ከዚህ ሥርዓት የተሻለ መነሻ አላውቅም።

በመጀመሪያ ቅደም ተከተሉን ይያዙ። ባለቤቱ ፍሬውን በሳህን አቅርቦ «ኦኜ ዌታራ ኦጂ ዌታራ ንዱ» (ኮላ ያመጣ ሕይወት አመጣ) ይላል። እንግዳውም ፍሬውን አይቶ «ኦጂ ኤዜ ዲ ኤዜ ናካ» (የንጉሥ ኮላ በንጉሥ እጅ ነው) በማለት ሳህኑን ለባለቤቱ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ይባረካል፣ ይሰበራል፣ ይታደላል። በልምምዱ ጊዜ ሳህኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዙር፤ ተራው የደረሰው ሰው የራሱን ቃል ሳይናገር አያሳልፈው። ፍሬው ካልተገኘ ሥዕሉ ይበቃል፤ በቡና መተካቱን ግን አልመክርም፤ የሁለቱን ሥርዓት ትርጉም ያደበላልቃልና።

ምርቃቱ ለጀማሪ እጅግ ይመቻል። አባቶች ሲመርቁ እኛ «አሜን» እንደምንል፣ በኢግቦም ታዳሚው ከእያንዳንዱ ሐረግ በኋላ «ኢሴ» ስለሚል፣ ገና ምንም የማያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሳተፋል። «ኤግቤ ቤሬ፣ ኡጎ ቤሬ» የሚለውን፣ ማለትም ጭላቱም ይረፍ ንስሩም ይረፍ የሚለውን ሐረግ አስቀድመው ያጥኑ፤ «ግ» እና «ብ» በአንድ ጊዜ የሚነገሩበትን ድምፅ ያለማምዳል።

ፍሬው ሲከፈት ክፋዮቹን በኢግቦኛ ይቁጠሩ፦ ኦቱ፣ አቡኦ፣ አቶ፣ አኖ። አራት ክፋይ ያለው ፍሬ ከአራቱ የገበያ ቀናት ማለትም ከኤኬ፣ ከኦርዬ፣ ከአፎ እና ከንክዎ ጋር ይያያዛል። ኦኬኬ፣ ኦካፎር እና ኦኮንክዎ የሚሉት ስሞችም ከእነዚሁ ቀናት የወጡ ናቸው።

እዚህ ለንባብ እንዲቀል በፊደላችን ብጽፍም፣ በደብተርዎ ላይ እ.ኤ.አ. በ1961 በጸደቀው የኦንው አጻጻፍ፣ ማለትም በላቲን ፊደል በሚጻፈው የኢግቦኛ ሥርዓት ይጻፉ። ኢግቦኛ ስምንት አናባቢዎች ሲኖሩት የእኛ ሰባት ናቸው፤ የድምፅ ከፍታና ዝቅታም በፊደላችን አይታይም። «አክዋ» እንደ ከፍታው ለቅሶ፣ ልብስ፣ እንቁላል ወይም አልጋ ሊሆን ስለሚችል፣ ተናጋሪው የቀዳውን ድምፅ ሳይሰሙ በጽሑፍ ብቻ አያጥኑ።

ምርቃቱ የበላይ አምላክ የሚባለውን ቹኩን፣ አላ የተባለችውን የምድር አምላክ እና የቀደሙ አባቶችን የሚጠራ እውነተኛ ጸሎት ነው። ሌላ እምነት ያለው ተማሪ እንደ ንባብ ይያዘው እንጂ እንደ ትርኢት አይጫወትበት። በኢግቦ ቤት በእንግድነት ሲገኙም ምርቃቱን ለታላላቆቹ ይተዉ፤ ከእርስዎ የሚጠበቀው ሳህኑ ሲቀርብልዎ ተገቢውን ቃል ተናግሮ መመለስና ከሌሎች ጋር «ኢሴ» ማለት ነው።